የኔዘርላንድስ ሠዓሊዎችና ላሞቻቸው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ኔዘርላንድስ የግጦሽ መስክና የከብት ሥዕሎች በብዛት የሚጠየቁት ከነመልሳቸው እነሆ፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የከብት ሥዕል የሚባለው ምን ዓይነት ሥዕል ነው?

ላም፣ በሬ፣ በግ፣ ፍየል ወይም ፈረስ መስክ ላይ ቆሞ ወይም ተኝቶ የሚታይበት፣ እንስሳው ለሌላ ታሪክ አጃቢ ሳይሆን ራሱ ባለጉዳይ የሆነበት ሥዕል ነው። ቀደም ባለው የአውሮፓ ሥዕል ላም ቦታ የምታገኘው በቤተልሔም ግርግም አጠገብ ወይም በኖኅ መርከብ ደጃፍ ነበር። በኔዘርላንድስ ግን፣ በተለይ ከ1640ዎቹ ጀምሮ፣ ቅዱሳኑም ነገሥታቱም ከሸራው ላይ ወጡና ላሟ ከነሣሯ ብቻዋን ቀረች።

በውስጡ ሁለት ወገን አለ። አንደኛው እውነተኛውን የሆላንድ ሜዳ ያሳያል፤ ረግረግ፣ ቦይ፣ የእንጨት አጥር፣ ከሩቅ የቤተ ክርስቲያን ግንብ። ሁለተኛው የኢጣሊያን ኮረብታ፣ የፈረሰ የሮማውያን ሕንፃና በባዶ እግሩ ዋሽንት የሚነፋ እረኛ ያመጣል። ይህኛው ከጥንት የእረኛ ግጥሞች የተወረሰ የምኞት አገር ነው። ሁለቱንም በአንድ ስም መጥራት የተለመደ ቢሆንም ዓላማቸው ይለያያል።

ማን ጀመረው?

አንድ ጀማሪ የለውም። ሉካስ ቫን ሌይደን በ1510 በመዳብ ሰሌዳ ላይ ቀርጾ ያሳተመው ሥዕል ላሞችንና አንዲት አላቢ ያሳያል፤ ከብቶቹ ትልቁን ቦታ ይዘዋል። ሩላንት ሳፈሪ ደግሞ በ1615 በበረት ውስጥ ያሉ ላሞችን ሥሎ፣ በሥዕሉ አራት ማዕዘኖች ጠንቋዮችን ጨመረ። ላም ብቻዋን ለሥዕል ትበቃለች ብሎ ገና አላመነም ማለት ነው። ያለ ጠንቋይም ያለ መልአክም ላሟን ለብቻዋ ማቆም የቻለው ከእርሱ በኋላ የመጣው ትውልድ ነው።

ለምን ላም? ሌላ የሚሣል ነገር ጠፍቶ ነው?

መልሱ ያለው በመሬቱ ውስጥ ነው። የምዕራብ ኔዘርላንድስ አፈር ውሃ ያዘለ ነው፤ ውሃውን ባጠነፈፉት ቁጥር መሬቱ ይሰምጣል፤ የሰመጠ መሬት ደግሞ ለእህል አይመችም። ስለዚህ ገበሬው ስንዴውንና አጃውን ከባልቲክ ባሕር ዳርቻ በመርከብ ለሚያመጡት ነጋዴዎች ትቶ ወደ ወተት፣ ቅቤና አይብ ዞረ። የኤዳምና የጉዳ አይብ ባሕር ተሻግሮ ይሸጥ ጀመር። ላም ለዚያ አገር ገጠር ዋነኛ የገንዘብ ምንጭ ሆነች።

የአምስተርዳም ሀብታሞችም ገንዘባቸውን መሬት ላይ አፈሰሱ፤ ያውም ገና ባልነበረ መሬት ላይ። የቤምስተር ሐይቅ ከ40 በላይ በሆኑ የነፋስ ወፍጮዎች ውሃው ተቀድቶ በ1612 ደረቅ መሬት ሆነ፤ ዛሬ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ትናንት ዓሣ የሚዋኝበት ቦታ ላይ ዛሬ የራሱ ላም ስትግጥ ያየ ነጋዴ፣ ያንን ሥዕል ሳሎኑ ውስጥ ቢሰቅል አያስደንቅም።

ጦርነቱንም መርሳት አይገባም። ኔዘርላንድስ ከስፔን ጋር ለሰማንያ ዓመታት ያካሄደችው ጦርነት ያበቃው በ1648 ነው። ወታደር ባለፈበት መንደር መጀመሪያ የሚነዳው ከብት ነበር። ያለ ሥጋት ተኝቶ የሚያመሰኳ መንጋ ለዚያ ዘመን ሰው የሰላም ምልክት ነው ቢባል ማጋነን አይመስለኝም።

በዚህ ዘርፍ ስማቸው የሚጠራው ሠዓሊዎች እነማን ናቸው?

ፓውሉስ ፖተር (1625–1654) እና አልበርት ካይፕ (1620–1691) ከሁሉ ቀድመው ይጠራሉ። ፖተር የተወለደው በኤንክሃውዘን ነው፤ ከዴንማርክ የሚመጡ የከሱ በሬዎች ተሽጠው በሆላንድ ሣር እንዲደልቡ የሚላኩባት የገበያ ከተማ። በ28 ዓመቱ ሞተ፤ እስከዚያው ድረስ ግን አንድ መቶ ያህል ሥዕሎች ሠርቷል። ካይፕ ዕድሜውን በሙሉ የትውልድ ከተማውን ዶርድሬክትን መሠረቱ አድርጎ ኖረ፤ ላሞቹ በወንዝ ዳር በማለዳ ወይም በአመሻሽ ብርሃን ይታያሉ።

ከእነርሱ ቀጥሎ አድሪያን ቫን ደ ቬልደ (1636–1672) ይመጣል፤ ለእኔ ከሁሉም ይልቅ እጁ የለሰለሰው እርሱ ነው። ኒኮላስ በርኸምና ካሬል ዱ ዣርደን የኢጣሊያውን ወገን ይወክላሉ። ዶሮ፣ ዳክዬና ጣዎስ ለሚወድ ደግሞ መልኪዮር ዶንደኩተር አለ።

የት ይገኛሉ?

በሄግ ማውሪትስሃውስ፣ በአምስተርዳም ራይክስሙዚየም፣ በዶርድሬክት ከተማ ሙዚየም። ከኔዘርላንድስ ውጭ በለንደን ናሽናል ጋለሪ፣ በደልዊችና በዋላስ ስብስብ፣ በፓሪስ ሉቭር፣ በሴንት ፒተርስበርግ ኤርሚታዥ። ራይክስሙዚየም የስብስቡን ምስሎች በከፍተኛ ጥራት በድረ ገጹ በነፃ ስለሚያቀርብ፣ ጉዞ የማይመቸው ሰው የላሟን ሽፋሽፍት ሳይቀር አጉልቶ ማየት ይችላል።

የፖተር «ኮርማው» ለምን ያን ያህል ዝነኛ ሆነ?

መጀመሪያ በግዝፈቱ። ሥዕሉ ቁመቱ ሁለት ሜትር ከ35፣ ወርዱ ሦስት ሜትር ከ39 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይህን የሚያህል ሸራ በዚያ ዘመን የሚሰጠው ለጦር ሜዳ ድል፣ ለመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ወይም ለመስፍን ነበር። የ21 ዓመቱ ፖተር በ1647 ለአንድ ኮርማ ሰጠው፤ ኮርማውም በቁመናው ልክ ተሣለ። ሲጀምር ኮርማውን ብቻ ለመሣል ነበር ያሰበው፤ በኋላ በግራ፣ በቀኝና ከላይ ሸራ እየቀጠለ ላሟን፣ በጎቹን፣ ዛፉንና ከዛፉ ኋላ የቆመውን ገበሬ ጨመረ።

ቀጥሎ ዝርዝሩ ነው። ጠጋ ብሎ ያየ ሰው የግንባሩን ጥቅልል ጠጉር፣ የአፍንጫውን እርጥበት፣ ጀርባው ላይ የሚንቀዋለሉትን ዝንቦች ያገኛል። መሬት ላይ እንቁራሪት አለች፤ ትኩስ እበትም አለ። ሰማዩ ላይ አንዲት ትንሽ ወፍ ትበራለች። ከሩቅ የምትታየው የቤተ ክርስቲያን ግንብ በሄግና በዴልፍት መካከል ያለችው የራይስቬይክ ናት። ፖተር ለዝንቧና ለግንቡ የሰጠው ትኩረት እኩል ነው፤ የሥዕሉ ጉልበትም ጉድለትም ከዚህ ይመነጫል።

ጉድለት ያልኩት በከንቱ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተነሡ ተቺዎች ገበሬው እንጨት ይመስላል፣ የተኛችው ላም አቀማመጧ አያሳምንም ብለው ነቅፈውታል፤ እውነታቸውን ነው። ይሁንና የፈረንሳይ ጦር በ1795 ሥዕሉን ከሄግ ወስዶ በሉቭር ሲሰቅለው ከምርኮዎቹ ሁሉ ከፍተኛ ስፍራ ከተሰጣቸው አንዱ ነበር። ወደ አገሩ የተመለሰው ናፖሊዮን ከወደቀ በኋላ በ1815 ነው።

ኮርማው እውነተኛ ኮርማ ነው ወይስ የፈጠራ?

ከብት የሚያውቅ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ አያልፍም። የኮርማው ትከሻ የጎለመሰ እንስሳ ትከሻ ነው፤ የኋላ አካሉ ግን ገና ያልጠና ወይፈን ይመስላል። ቀንዱና ጥርሱም የአንድ ዕድሜ አይደሉም። የእንስሳት ባለሙያዎች መርምረው የደረሱበት ፖተር ዕድሜያቸው ከተለያየ ከብቶች የወሰዳቸውን ንድፎች አንድ ላይ ገጣጥሞ እንደሠራው ነው። እንዲህ ያለ ኮርማ በየትኛውም በረት ቆሞ አያውቅም።

በቅርብ ዓመታት ሥዕሉ የሚገኝበት የሄጉ ማውሪትስሃውስ ሙዚየም በጎብኚዎች ፊት ሲጠግነው ሌላም ነገር ተገለጠ፦ የኮርማው የዘር ፍሬ መጀመሪያ ሲሣል አሁን ከሚታየው ይበልጥ የነበረ ሲሆን ያሳነሰው ሠዓሊው ራሱ ነው። እበቱን ያልደበቀ ሰው እዚያ ላይ ለምን እንደቆጠበ እንግዲህ ተመልካች የየራሱን ይገምት።

ሠዓሊዎቹ መስክ ላይ ተቀምጠው ነበር የሚሥሉት?

ንድፉን አዎ፣ ሥዕሉን አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሠዓሊዎችን ሕይወት የጻፈው አርኖልት ሃውብራከን እንደሚነግረን፣ ፖተር ከሚስቱ ጋር ለሽርሽር ሲወጣ እንኳ ትንሽ ደብተር በኪሱ ይይዝ ነበር። በእርሳስና በጠመኔ የተነደፈው ወደ ቤት ይመጣል፤ በቅባት ቀለም የሚሠራው ሥራ ቤት ውስጥ ነው። ቀለም በብረት ቱቦ ታሽጎ መሸጥ የጀመረው በ1841 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ቀለሙን ፈጭቶ፣ ለውሶ፣ ተሸክሞ ሜዳ መውጣት አድካሚ ነበር።

ቫን ደ ቬልደ ሥርዓቱን አስፍቶታል። መጀመሪያ አጠቃላይ አቀማመጡን ይነድፋል፤ ከዚያ እያንዳንዱን ላም፣ በግና እረኛ በቀይ ጠመኔ ለየብቻ በዓይኑ እያየ ይነድፋል፤ በመጨረሻ ሁሉንም ሸራው ላይ ያገናኛል። እንስሳ የማይሆንላቸው ሠዓሊዎችም ወደ እርሱ ይመጡ ነበር፦ በያኮብ ቫን ራይስዳል፣ በማይንደርት ሆቤማና በያን ቫን ደር ሃይደን ሥዕሎች ውስጥ ያሉት አንዳንድ ሰዎችና ከብቶች የቫን ደ ቬልደ እጅ ናቸው።

ንድፍ ይወራረሳልም። ፖተር በ1650 ስምንት የከብት ምስሎች አሳትሟል፤ እንዲህ ያሉ ህትመቶች በሌሎች ሠዓሊዎች እጅ እንደ ናሙና ያገለግላሉ። አንዷን ላም በሁለት የተለያዩ ሰዎች ሥዕል ውስጥ ያየ ሰው ዓይኑ አላታለለውም።

ላሞቹ ለምን ጥቁርና ነጭ አይደሉም?

በአገራችን የወተት እርባታዎች «የፈረንጅ ላም» የምትባለዋን ጥቁርና ነጭ ሆልስታይን የሚያውቅ ሁሉ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎች ግራ ይጋባል። በእነዚህ ሥዕሎች የሚበዙት ቀይ፣ ቡናማ፣ ዳማና ቀይ ቡሬ ናቸው። ሠዓሊዎቹ አልዋሹም፤ የዚያን ጊዜ መንጋ በአብዛኛው መልኩ እንዲያ ነበር።

ለውጡ የመጣው በመዓት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ በተለይ ከ1713፣ ከ1744 እና ከ1768 ጀምሮ፣ በእኛም አገር በክፉ ቀን ዘመን መንጋውን የጨረሰው የከብት ደስታ በሽታ ኔዘርላንድስን በተደጋጋሚ መታት። የሞተውን ለመተካት ከዴንማርክና ከሰሜን ጀርመን ከብት ተገዛ፤ ጥቁርና ነጩ መልክ የተስፋፋውም ከዚያ ወዲህ እንደሆነ ይታመናል። ስለዚህ የፖተርና የካይፕ ሥዕሎች ከበሽታው በፊት የነበረውን መንጋ የምናይባቸው ሰነዶችም ናቸው።

ሰማዩ ለምን ሸራውን ይሞላዋል?

አገሩ ሜዳ ነው፤ ተራራ የለም። ሠዓሊው አድማሱን ዝቅ ሲያደርገው የቆመች ላም ከመሬቱ በላይ ወጥታ በደመና ላይ ትታያለች፤ ትንሽ ጥጃ እንኳ ሐውልት ይመስላል። ካይፕ ይህን ዘዴ ደጋግሞ ተጠቅሞበታል።

የሚገዛቸው ማን ነበር?

በፈረንሳይና በስፔን ዋናዎቹ ደንበኞች ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። በኔዘርላንድስ የፕሮቴስታንቱ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከግድግዳው ስላወረደ፣ ሠዓሊው ፊቱን ወደ ነጋዴው፣ ወደ ጠማቂው፣ ወደ ሐኪሙ አዞረ። ሥዕል በአውደ ርእይ ገበያ፣ በሐራጅና በሎተሪ ሳይቀር ይሸጥ ነበር። ፖተርን በ1652 ወደ አምስተርዳም የጋበዘው ኒኮላስ ቱልፕ ሐኪምና የከተማዋ ሹም ነው፤ በአስከሬን ላይ ሲያስተምር ሠዓሊው ሬምብራንት በ1632 የሣለው ያው ሰው።

ቤተ መንግሥት የገባ የላም ሥዕልም አለ፤ ታሪኩ ግን አላማረም። ሃውብራከን እንደጻፈው፣ ፖተር በ1649 የሣለው ትልቅ የእርሻ ቤት ሥዕል ለልዕልት አማሊያ ቫን ሶልምስ የታሰበ ነበር። በሥዕሉ መካከል አንዲት ላም ሽንቷን ስትሸና ትታያለች። ለልዕልት ዓይን አይገባም ተባለና ሥዕሉ ተመለሰ። በኋላ ግን በናፖሊዮን ሚስት በጆሴፊን እጅ አልፎ በ1815 የሩሲያው ቀዳማዊ አሌክሳንደር ገዛው፤ ዛሬ ከኤርሚታዥ ውድ ንብረቶች አንዱ ነው። ሽንቷም እንዳለች አለ።

የተደበቀ መልእክት አላቸው?

አንዳንዶቹ አላቸው፤ ሁሉም ላይ መፈለግ ግን ያስታል። ላም የአገሪቱ ምልክት ሆና በፖለቲካ ሥዕሎች ላይ መታየቷ እርግጥ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የወጣ አንድ የፌዝ ሥዕል ኔዘርላንድስን ላም አድርጎ ያሳያል፦ የስፔኑ ዳግማዊ ፊሊጶስ ጀርባዋ ላይ ወጥቶ ይጎሰጉሳታል፤ የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ሣር ታበላታለች፤ በስፔን ላይ የተነሣው አመፅ መሪ የኦራንዡ ቪለም ቀንዷን ይዟል፤ ጅራቷን የጨበጠው ፈረንሳዊው የአንጁ መስፍን ላይ ደግሞ እበቷን ትጥልበታለች። እዚህ ላይ ትርጉም መፈለግ ቀርቶ መሸሽም አይቻልም።

የጥንቃቄው ትምህርት የሚገኘው ከያን አሰላይን «የተቆጣው ስዋን» ነው፤ ስዋን ረጅም አንገት ያለው ነጭ የውሃ ወፍ ነው። ወፉ ክንፉን ዘርግቶ ከሚመጣ ውሻ እንቁላሎቹን ይከላከላል። ከወፉ ሥር የአገሪቱ ዋና ሹም ማዕረግ፣ እንቁላሉ ላይ «ሆላንድ»፣ ከውሻው ራስ በላይ «የመንግሥት ጠላት» ተጽፏል። ሥዕሉ በ1672 በሕዝብ የተገደለውን የአገሪቱን ዋና ሹም ዮሃን ደ ዊትን ያወድሳል ተብሎ ለረጅም ጊዜ ታመነ። ችግሩ አሰላይን የሞተው በ1652 ነው፤ ደ ዊት ሥልጣኑን የያዘው ደግሞ በ1653። ጽሑፎቹን ሌላ ሰው በኋላ ጨመራቸው፤ ሠዓሊው የሣለው የተቆጣ ወፍ ነበር። የዛሬው ራይክስሙዚየም ቀዳሚ የሆነው ተቋም በ1800 የመጀመሪያ ግዢው ያደረገው ግን ይህንኑ ሥዕል ነው፤ ለዚያ ያበቃውም ያ የተጨመረ ትርጉም ነው።

የካይፕ ወርቃማ ብርሃን ከየት መጣ? ሆላንድ ዝናባማ አይደለችም ወይ?

ከኢጣሊያ መጣ፤ ካይፕ ግን ኢጣሊያን ረግጦ አያውቅም። ያን ቦት የሚባል የዩትሬክት ሠዓሊ በ1640ዎቹ መጀመሪያ ከሮም ሲመለስ በዝቅተኛ ፀሐይ የተጥለቀለቀ መልክዓ ምድር ይዞ መጣ። ካይፕ ያንን ብርሃን ከቦት ሸራ ላይ ወሰደና የዶርድሬክት ላሞች ጀርባ ላይ አፈሰሰው። የጠጉራቸው ጠርዝ እንደ ክር ሲያበራ የምናየው ስለዚህ ነው። እውነተኛ የሆላንድ ላም በተውሶ የሮም ፀሐይ ስትሞቅ፣ ውጤቱ ከሁለቱም አገር የበለጠ ያምራል።

ከ17ኛው ክፍለ ዘመን በኋላ ዘርፉ ሞተ?

አልሞተም። ፈረንሳዊው ኮንስታን ትሯዮን በ1847 የፖተርንና የካይፕን ሥራዎች በኔዘርላንድስ አይቶ ወደ እንስሳት ሥዕል አዘነበለ። ከፈረንሳይ ደግሞ መንፈሱ ተመልሶ ወደ ሄግ መጣ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ «የሄግ ትምህርት ቤት» የሚባሉት ሠዓሊዎች ግራጫ ሰማይና እርጥብ መስክ መሣል ያዙ። ከመካከላቸው ቪለም ማሪስ የምሥለው ላም ሳይሆን ብርሃንን ነው ይል ነበር።

አንቶን ማውቭ (1838–1888) የቪንሰንት ቫን ጎግን የአጎት ወይም የአክስት ልጅ ያገባ ዘመድ ሲሆን፣ በ1881 መጨረሻ ለቫን ጎግ የውሃና የቅባት ቀለም ያስተማረው እርሱ ነው። የበግ መንጋ ሥዕሎቹ በአሜሪካ ገዢዎች ዘንድ እጅግ ተፈላጊ ነበሩ። ገበያው ዋጋ የሚለየው በበጎቹ አቅጣጫ ነበር ይባላል፦ ወደ ተመልካቹ የሚመጡ በጎች ጀርባቸውን ሰጥተው ከሚሄዱት ይወደዳሉ።

«የካይፕ ሥራ» የተባለ ሁሉ የካይፕ ነው?

አይደለም፤ ከዘርፉ ጥያቄዎች ሁሉ ባለሙያን የሚያሟግተውም ይህ ነው። ካይፕ በ1658 ሀብታም መበለት ካገባ በኋላ የቤተ ክርስቲያንና የከተማ ኃላፊነቶች ያዘ፤ ሥዕሉንም እየተወው ሄደ። ዝናው የገነነው ከሞተ በኋላ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ መኳንንት ዘንድ ነው። የተሠራው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ሲሆን ደግሞ ገበያው ራሱ ካይፕ ይወልዳል፤ ላምና ቢጫ ሰማይ ያለበት ሥዕል ሁሉ ስሙን ተሸክሞ ይሸጥ ጀመር።

የባሰ ግራ ያጋባው ግን አጭበርባሪ ሳይሆን አንድ ሐቀኛ ጎረቤት ነው። አብራሃም ቫን ካልራት (1642–1722) እንደ ካይፕ ሁሉ የዶርድሬክት ሰው ነው፤ ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ የሚጀምርባቸው ሁለት ፊደሎችም (A እና C) ከአልበርት ካይፕ ጋር አንድ ናቸው፤ የሚፈርመውም በእነዚያ ሁለት ፊደሎች ነው። ስለዚህ የጋጥ ፈረሶቹና የፍራፍሬ ሥዕሎቹ ለረጅም ጊዜ ለካይፕ ተቆጠሩ። ዛሬ ለመለየት ፊርማው አይበቃም፤ የብርሃኑ አወዳደቅ፣ የፈረሱ አካል አሠራርና የሥዕሉ የባለቤትነት ታሪክ አብረው ይመረመራሉ። በለንደን ናሽናል ጋለሪ ውስጥ የካይፕ ሲባል ኖሮ አሁን በካልራት ስም የተሰቀለ የፈረስ ሥዕል አለ።